ባበጠ የእግር ጣት ለሽምግልና ወደ ካቺሲ

ከካቺሲ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በነዚህ ሦስት ሳምንታት ደብረ ብርሃን ውስጥ መንገድ ላይ ያላስቆመኝ ሰው የለም። «ጋሽ ጌታነህ፣ ደህና ሄደው ምን ሆነው ነው እያነከሱ የመጡት?» ይለኛል ሁሉም። አንዱን አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። አፌ ዛለ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ካቺሲን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩ ጎረቤቶቼ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ስሄድም አነክስ ነበር። ደብቄያችሁ ነው።

የሄድኩት ለወንድሜ ልጅ ለዮናስ ነው። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ምዕራብ ሸዋ፣ ግንደበረት ወረዳ፣ ካቺሲ በምትባል ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። እዚያው ትምህርት ቤት የምታስተምር ለሊሴ የምትባል ልጅ ወዶ ኖሮ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነህ ናልኝ» አለ። ደስታዬን ገና ሳላጣጥም ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ አገር ዝሆኔ የሚሉት በሽታ አለ፣ እግር የሚያሳብጥ። ሰዉ በዘር ነው የሚመጣው ስለሚል፣ በሽታው ካለበት ቤት ጋር ጋብቻ አይፈለግም። አምና ለለሊሴ የተላከ ሽምግልና በእግር ምክንያት ፈርሷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤተሰቦቿ ደግሞ የድሮ ወግ ያልለቀቁ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ እግር ያጥባሉ። እግርህ ደህና ነው አይደል?»

እግሬን አየሁት። ትራስ ላይ ጋደም ብሏል። የግራ እግሬ አውራ ጣት ከነሥሩ ቀልቶ፣ አብጦ፣ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። ከገና ማግስት ጀምሮ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኛል።

«ደህና ነው» አልኩት።

ባለቤቴ አስካለ ከጎኔ ሆና ሰምታለች። «ምነው ለልጁ እውነቱን ብትነግረው?» አለች። እንዴት ልንገረው? እኔ ካልሄድኩ ማን ይሄድለታል? እሷም ብትሆን ጣቴን «ብርድ ነው» ብላ ከፈረደችበት ቆይታለች። በኛ አገር ብርድ ያልሆነ በሽታ የት አለና።

ሐሙስ

በማለዳ ተነሳሁ። ጥቁር የቆዳ ጫማዬን አሳምሬ አስጠርጌ፣ በሁለት ካልሲ ላይ አጠለቅኩት። ሰፊ ጫማ ነበረኝ፤ ግን ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ የቀድሞ ርዕሰ መምህር በነጠላ ጫማ አይሄድም ብዬ ኮራሁ። ይህ ኩራቴ አዲስ አበባ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ስመ ሥላሴ አስጠርቶኛል።

አስኮ መናኸሪያ የአምቦ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሆለታን ስናልፍ አልቻልኩም፤ ጫማዬን ቀስ ብዬ አወለቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የደረቡ ሴትዮ ጎንበስ ብለው አዩና «ውይ! ውይ! ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ጮኹ። በቃ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ።

«ጥፍር ነው፣ ወደ ውስጥ በቅሎ ነው» አለ ከፊት ያለው ሰውዬ።

«ጥፍር ሲሆን እኮ ጎኑ ይመግላል። ይሄ ምች ነው» አሉ ሴትዮዋ።

«ስኳር አለብዎት?» አለ ሌላው። «ስኳር እግር ላይ ነው የሚወጣው።»

«ኧረ ጫማው ነው! አያዩትም እንዴ ጠባብነቱን?» አለች ከኋላ አንዲት ልጅ። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት አየኝና «ሙጃሌ ይሆናል አባቴ፣ በመርፌ ያስወጡት» አለ። ሁሉም ግን አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ብርድ ሳይታከልበት አይቀርም አሉ።

አዲስ ዓለም ላይ መኪናው ቆመ። መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ድንቹን አይቼ «የኛ ይበልጣል» ልል አልኩና ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር የነሱ ይበልጣል። የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነበር ሐሳቤ። ከመኪናው ወርጄ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ከሩቅ ተሳልሜ ተመለስኩ። ሴትዮዋ «እሷ ታየዋለች፣ ይብቃዎት» አሉኝ፤ አንጀቴን በሉት።

አምቦን አልፌ ጉደር ስደርስ ወዳጄ ፈይሳ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ኦቦ ፈይሳ ይሉታል የአገሩ ሰዎች፤ ኦቦ ማለት በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ወጣት ሆነን መምህራን ማሠልጠኛ አንድ ክፍል አብረን ኖረናል። ሁለተኛው ሽማግሌ እሱ ነው። እኔ ኦሮምኛ «አካም» ብሎ ሰላም ከማለትና «ገለቶማ» ብሎ ከማመስገን አላልፍም፤ ስለዚህም ጭምር ነው የያዝኩት።

«አካም፣ ጌታነህ! እግርህን ምን በላው?» አለ ገና ከሩቅ።

«ብርድ ነው።»

«እንግዲያማ መድኃኒቱ እኔ ቤት አለ!»

መድኃኒቱ ሙክት በግ ነበር። ለኔ ብሎ አሳርዶታል። ቅልጥሙን ከነመረቁ በትልቅ ሳህን አቀረቡልኝ። ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ዱለቱ ተከተለ። ባለቤቱ እጄን ይዘው «ማሎ፣ እባክዎ፣ ይቺን ብቻ፣ ብርዱን ታስወጣለች» እያሉ ያጎርሱኛል። በላዩ ላይ አረቄ። ፈይሳ «ይግባ! ይግባ! ብርድ አረቄን ሲያይ ይሸሻል» እያለ ይቀዳል። እንዲህ ያለ ቸር ቤት ሰው እምቢ ይላል? እኛ ደብረ ብርሃን ለእንግዳ እንሳሳለን አልልም፤ ግን እንዲህ ስንጨክንበት አላየሁም።

ዓርብ

ሲነጋ ጣቴ ብሶበታል። ፈይሳ «ገና አልወጣም ማለት ነው» አለና አምቦ ፍል ውሃ ወሰደኝ። እግሬን ነክሬ ብዙ ቆየሁ። አንድ ሳሙና ይዞ የመጣ ሰውዬ ጣቴን አይቶ ስለ ልጁ ጣት አጫወተኝ፤ እሱ ደግሞ በጣቶቹ መሃል የተላላጠ ነገር ነበረበት፣ በካልሲ ታፍኖ የመጣ ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠው አለ። የእግር ጣት ያላመመው ሰው የለም ለካ! ሳይታመም በፊት ግን ማንም ስለ ጣቱ አያወራም።

የካቺሲ መንገድ ከአምቦ ወደ ኋላ ወደ ጊንጪ ይመለስና ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከጊንጪ ወዲያ ሽቅብ ነው። ማታ ጎጆ የምትባል የጄልዱ ከተማ ደረስን። ብርድ የምታውቁ ይመስላችኋል? እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የጎጆ ብርድ የኛን ብርድ «ና ልጄ፣ ተማር» የሚል ነው። ያደርንበት ቤት ባለቤት ጣቴን አዩና ምንም ሳልጠይቅ ሙቅ ውሃ በጨው፣ ሦስት ብርድ ልብስ፣ ደግሞም ምንጣፍ ጭምር አመጡልኝ። ቀኑ ጾም ስለሆነ ሽሮና ድንች ወጥ በላን። አረቄውንም ፈይሳ «ጾም ነው» ብሎ አሳረፈልኝ።

ይገርማችኋል፣ ጠዋት ጣቴ ቀለል ብሎኝ ነበር። «ፍል ውሃው ነው!» አልኩ። ፈይሳም «ነገርኩህ!» አለ። ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት የዕድሜ ልክ አስተማሪ፣ አንዲት ነገር አልገባንም።

ቅዳሜ

ከጎጆ ወደ ካቺሲ ያለው መንገድ አፈሩ ቀይ ነው። የመኪናው ወንበር ቀይ፣ የሰዉ ፀጉር ቀይ፣ የነጩ በቅሎ እግር ቀይ። የኛ አገር አፈር ጥቁር ነው፣ በክረምት ጫማ ይውጣል እንጂ እንዲህ አይበንም። ገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ጫማ ያላደረገው ብዙ ነው። ያን ቀን ነው የሰውን እግር ማየት የጀመርኩት። አንድ አዛውንት እህል ተሸክመው ሲሄዱ ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ አየሁ። ቶሎ ዓይኔን አነሳሁ። የዮናስ ነገር ትዝ አለኝ።

ዮናስ መናኸሪያ ቆሞ ነበር። አቅፎኝ «ጋሼ፣ ምነው ታነክሳለህ?» አለ።

«መኪና ላይ ደንዝዞብኝ ነው» አልኩ። ፈይሳ አፉን በእጁ ያዘ።

ልጁ ቀጭን ሆኗል። ለሊሴን በሩቁ አሳየኝ፤ በገበያው መሃል ዘምቢል ይዛ፣ እኛን አይታ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሄደች። «እምቢ ካሉኝ ዝውውር ጠይቄ ነው የምሄደው ጋሼ። እያየኋት እዚህ መኖር አልችልም» አለ። ሲናገር ቁርጥ ወንድሜን ነው። ያኔ ጣቴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

የዮናስ አከራይ ለሽማግሌዎቹ ክብር ብለው ከሉካንዳ ቁርጥ አስመጥተው ኖሯል። በአንድ ትሪ ላይ ሻኛ፣ በሌላው ታናሽ። ጥሬ ሥጋ ስወድ ታውቁኛላችሁ፤ ዓርብ የጾምኩበትንም ደርቤ በላሁ። ጠጅም ነበር። «ነገ ብዙ ትቆማላችሁ፣ ኃይል ያስፈልጋችኋል» አሉ አከራዩ።

እሁድ

ስነቃ ጣቴ ጣት አልነበረም። እስከ እግሬ ጀርባ አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ካልሲውን ሳጠልቅ እንባዬ መጣ። ጫማውን ፈይሳ ገፍቶ ነው ያስገባልኝ። «ተው፣ እውነቱን እንናገር» አለኝ። «ዛሬን ብቻ» አልኩት።

ሦስተኛው ሽማግሌ አባ ገብሬ የሚባሉ የካቺሲ ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ወደ ለሊሴ አባት ወደ ኦቦ ተሾመ ቤት ሄድን። ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ ቤት ነው። ኦቦ ተሾመ በር ላይ ተቀበሉን።

«በሰላም ነው? ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«በሰላም ነው» አሉ አባ ገብሬ። «ልመና አለን። የለመንነውን ሳናገኝ ግን አንቀመጥም።»

ወጉ እንዲህ ነው፤ የኛም ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል። እንደዚያን ቀን ግን ወጉን ረግሜው አላውቅም። አባ ገብሬ ከአዳም ጀመሩ። ፈይሳ በኦሮምኛ ደገመው። ከዚያ ኦቦ ተሾመ የልጁን አባቶች እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ አሉ፤ ይህ የኔ ድርሻ ነው። አራተኛው ላይ ጣቴ ውስጥ ልብ ያለው ይመስል መምታት ጀመረ። አምስተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሰባተኛውን የጠራሁት እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ነው።

ኦቦ ተሾመ ቀስ ብለው ለባለቤታቸው «ሰውየው ከልባቸው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁን እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ፈይሳ ጉልበቴን ጨበጠው። አለቀ ብዬ አምላኬን ሳመሰግን ኦቦ ተሾመ ራሳቸው ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዘው መጥተው ከፊቴ ተንበረከኩ።

«ኧረ በማርያም!» አልኩ። «እርስዎ የኔን እግር? አይሆንም። ደግሞም ጠዋት ታጥቤያለሁ።»

«በኔ ውሃ አልታጠቡም» አሉ ፈገግ ብለው፣ የጫማዬን ክር ሊፈቱ እጃቸውን ሰደዱ። እግሬን ሳብኩት። እንደገና ሰደዱ፣ እንደገና ሳብኩ። ፈገግታቸው ጠፋ። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። «ውሃዬን የሚጠየፍ ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ይወስዳል?»

እኔ ምን ልበል? ጫማዬን ባወልቅ ዝሆኔ አለባቸው ሊባል ነው። ባላወልቅ ተጠይፌያቸዋለሁ። የዮናስን ነገር በአንድ ጣት ገደል ልከተው ነው።

ያኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። «ተሾመ፣ ሰውየው አልተጠየፉህም። ቆመው ሲለምኑ በቀኝ እግራቸው ብቻ ነበር የቆሙት። ግራው ታሟል።»

«አዴ፣ አንቺ ግቢ!» አሉ ኦቦ ተሾመ ደንግጠው።

«አልገባም» አሉና ወጡ። አዴ ዲንቄ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ ለታላቅ ሴት የክብር መጠሪያ ነው፤ የኦቦ ተሾመ ታላቅ እህት ናቸው። መሬት የሚጠርግ ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ በዝግታ እየተራመዱ መጥተው በርጩማ ስበው ከፊቴ ተቀመጡ። የጫማዬን ክር ፈቱት። ካልሲዬን፣ ሁለቱንም፣ እንደ ሽንኩርት ላጡልኝ። ጣቴ ወጣ። የኦቦ ተሾመ ባለቤት «ኢየሱስ!» አሉ።

«ድንጋይ መትቶኝ ነው» አልኩ። እንዳትታዘቡኝ፣ በዚያች ሰዓትም ዋሸሁ።

«ድንጋይ የመታው ጣት ጥፍሩ ይጠቁራል። የእርስዎ ንጹሕ ነው» አሉ አዴ ዲንቄ። እጃቸውን አቅርበው፣ ሳይነኩ፣ ሙቀቱን ለኩ። «ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ በአንዴ?»

«ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት እንዲህ ሆኜ ነቃሁ።»

«መቼ?»

«በገና ማግስት። ዓምናም ይዞኝ ለቆኝ ነበር፣ በፋሲካ ማግስት።»

«ሌላኛው እግርዎስ?»

«ምንም የለውም።»

«እንግዲያው የኛ አይደለም» አሉ።

ኦቦ ተሾመ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አዴ ዲንቄ ግን ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረጉት። ሁለቱም እግራቸው ከጣቶቹ እስከ ባታቸው ወፍራም ነው፣ ቆዳው ደርቦ ደርቦ ተጣጥፏል። ንጹሕ ነው፣ ቅባትም ተቀብቷል።

«የኛ እንዲህ ነው» አሉ። «በልጅነቴ በጣቶቼ መሃል ማቃጠል ጀመረ። ከእርሻ ስመለስ ያሳክከኛል፣ ይሞቀኛል፣ ቀስ እያለ ዓመታት ፈጅቶ ወጣ። በአንድ ሌሊት አይመጣም። የእርስዎ ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪም ያውቀዋል።»

ከዚያ በኋላ ኦቦ ተሾመ ተናገሩ፣ ቀና ሳይሉ። አምና ሽምግልናውን ያፈረሱት እነሱ አልነበሩም። የመጡት ሽማግሌዎች አዴ ዲንቄን ግቢ ውስጥ አይተው፣ ሳይሰናበቱ በመጡበት ተመለሱ። ዮናስ ወሬውን ገልብጦ ነው የሰማው። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር አዴ ዲንቄ ጓዳ የሚገቡት ለዚህ ነው።

«እናንተም አይታችኋል» አሉ ኦቦ ተሾመ። «ስትለምኑኝ ይህን አታውቁም ነበር። ስለዚህ ልመናችሁን መልሳችሁ ውሰዱ። ተማከሩ። አሁንም ከፈለጋችሁ መልሳችሁ አምጡት።»

እውነቱን ልጻፍ። በመጀመሪያ ልቤ ያለኝ «ለካ ዘራቸው ውስጥ አለ» ነው። አንድ ጣት ደብቄ አራት ቀን የተንቀጠቀጥኩ ሰውዬ፣ ሴትየዋ እግራቸውን እንዲህ ገልጠው አድነውኝ ሳሉ፣ ያሰብኩት እሱን ነው። አፈርኩ።

አዴ ዲንቄ እግሬን በለብታ ውሃ አጠቡልኝ፤ ጣቴን አንዴም ሳያሳምሙኝ። «ነገ አምቦ ቀጠሮ አለኝ» አሉ። «በልኬ የተሠራ ጫማ ይሰጡኛል። አብረን እንሂድ፣ የእርስዎም ይታይ።»

ሰኞ

ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተን ከሰዓት በኋላ አምቦ ገባን፤ ፈይሳ፣ አዴ ዲንቄና እኔ። እኔ በዮናስ ነጠላ ጫማ ነኝ። ዮናስ ሲሸኘኝ ሁሉንም ነግሬው «አንተ ምን ትላለህ?» ብዬው ነበር። «እኔማ አዴ ዲንቄን ከለሊሴ በፊት ነው የማውቃቸው። ቤታቸው ስሄድ ቡና ጠጣ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። እግራቸውን ግን አሳይተውኝ አያውቁም» አለ። «የምፈልጋት ያው ለሊሴን ነው ጋሼ» አለ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያየችን ጤና መኮንን ቁጥብ፣ ቀልድ የማትወድ ሴት ናት። ጣቴን አገላብጣ አየች። ጥፍሬን ጫን አደረገች፤ ወደ ሥጋ አልገባም። በጣቶቼ መሃል አየች፤ ፈንገስ የለም። ቁስል ፈለገች፣ ብጉንጅ ፈለገች፣ ትኩሳቴን ለካች። «ስብራት?» አልወደቅኩም። «ብርድ?» ስትል እኔና ፈይሳ እኩል «አዎ!» አልን። «ብርድ ጣት ያቀላል፣ ያሳክካልም። ግን የአንድ እግር አውራ ጣት ብቻ መርጦ እንዲህ አያደርግም» አለች። ደም ተቀዳሁ። ስኳሬ ደህና ሆነ። ሌላኛው ውጤት ሲመጣ ራሷን ነቀነቀች።

«ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ደምዎ ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያው ላይ እንደ አሸዋ ተጠራቅሟል። ሰሞኑን ምን በሉ?»

ፈይሳን አየሁት፤ ፈይሳ ጣራውን አየ። ቅልጥሙን፣ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን፣ ቁርጡን፣ አረቄውን፣ ጠጁን ሁሉ ዘረዘርኩላት። የገናንና የፋሲካን ማግስት፣ ከዓርብ ጾም በኋላ ቀለል ማለቱንም ነገርኳት። «ብርዱን እናስወጣ ብለን ነው» አልኩ።

«ብርዱን አላስወጣችሁም፤ በሽታውን ነው ስትቀልቡት የሰነበታችሁት» አለች። «ከአርባ ቀን በላይ ጾመው በገና በአንዴ ሥጋ ላይ ወደቁ፣ በማግስቱ ያዘዎት። በፋሲካም እንደዚያው። ከዓርብ ጾም በኋላ ቀለል ያለዎትም ሥጋና አረቄው ስላረፈልዎት ሳይሆን አይቀርም፣ ፍል ውሃው አይደለም።» መድኃኒት ጻፈች። ብዙ ውሃ ጠጡ፣ የሆድ ዕቃና አረቄ ይቅርብዎት፣ ሥጋውንም ይቀንሱ አለች። ፈይሳ «ወይኔ ጓዴ!» ብሎ ተከዘልኝ።

ከመውጣቴ በፊት አዴ ዲንቄ ጫማቸውን ሊቀበሉ ወደ ሌላ ክፍል መግባታቸውን አይቼ ስለ ዝሆኔ ጠየቅኳት።

«አፈሩ ነው» አለች። «በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር ላይ ሲኖሩ ደቃቁ ነገር በቆዳ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አልዋሽዎትም፣ አንዳንድ ቤተሰብ ላይ ይበረታል። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን የሚታጠብ ሰው አይነካውም። ያመመውም ቢሆን ይሻለዋል። እሳቸው ከአራት ዓመት በፊት ሲመጡ እንዴት እንደነበሩ ባዩ።»

አዴ ዲንቄ ሲወጡ አዲሱን ጫማ አድርገውታል። ጥቁር ነው፣ ሰፊ፣ በክር የሚታሰር። ኮሪደሩ ላይ ወዲህና ወዲያ ሄደው እያዩት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን ወደ ታች አልሳቡትም።

ፈይሳን «ካቺሲ እንመለስ?» አልኩት።

«በዚህ እግርህ? ስልክ ደውልላቸው።»

«ጋብቻ በስልክ ይለመናል?»

ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። «አዴ ዲንቄ፣ ከኦቦ ተሾመ ይበልጣሉ አይደል?» አልኳቸው።

«በስድስት ዓመት። ያዘልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የቤቱ ታላቅ እርስዎ ነዎት።»

መልስ ሳይሰጡኝ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ከፊታቸው ቆምኩ። ፈይሳ ወዲያው ገባው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኔ ቆመ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ልመና አለን» አልኩ። «ትናንት ሳናውቅ ለምነን ነበር፤ ዛሬ አውቀን፣ አይተን እንለምናለን። የርስዎን ልጅ ለሊሴን ለኔ ልጅ ለዮናስ ይስጡን።»

ፈይሳ በኦሮምኛ ደገመው።

አዴ ዲንቄ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሺ ያሉን መስሎኝ «እንቀመጥ እንዴ?» አልኩ፤ ጣቴ እየገደለኝ ነው።

«ቆይ፣ አትቀመጡ» አሉ። «በዕድሜዬ ሙሉ ሽማግሌ ሲቆም ያየሁት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ለኔ ብሎ የቆመም፣ እኔን የለመነም የለም። እሺ እላችኋለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። ትንሽ ቁሙልኝ።»

ከራሴ እስከ ጣቴ ቀስ ብለው አዩኝ። እኔም የቻልኩትን ያህል ቀጥ ብዬ ቆምኩላቸው።